ብርሃንና ውሃ፦ ከፀሐይ ጠርሙስ እስከ ቦሮን ዘለላ

በሰሜን ወሎ፣ በቆቦና በራያ ቆላ፣ የፀሐይ ብርሃን የማይጎድል ሀብት ነው። የንጹሕ ውሃ ነገር ግን እንደዚያ አይደለም። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ደለል ተሸክመው ወደ ሜዳው ይደርሳሉ። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣበታል፤ ያው ድፍርስ ውሃ ወደ ቤት ሲገባ ግን የሕፃናት ተቅማጥ መንሥኤ ይሆናል። አፍልቶ ለመጠጣት ማገዶ ያስፈልጋል። ታዲያ ይህን ሁሉ ብርሃን ለውሃ ማጽጃነት መጠቀም አይቻልምን? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ታሪኩም ለጤና ባለሙያ ትምህርት አለው።

የፀሐይ ብርሃን ባክቴሪያን እንደሚገታ በሙከራ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1877 እንግሊዛውያኑ ዳውንስና ብላንት ናቸው። ግኝቱ ወደ ቤተሰብ የመጠጥ ውሃ ለመድረስ ግን አንድ ምዕተ ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1980 በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ አፍቲም አክራና ባልደረቦቹ ለተቅማጥ ሕሙማን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በተበከለ ውሃ ሲበጠበጥ ምን ይደረግ ብለው አሰቡ፤ በፀሐይ ብርሃን ሊጸዳ እንደሚችልም አሳወቁ። ዘዴው ቀላል ነው፦ የጠራ ውሃ በተለምዶ «ሃይላንድ» በሚባለው የላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ለ6 ሰዓት፣ ሰማዩ ከደመነ ለ2 ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጣል።

በመስክ የተገኘው ውጤት ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በቦሊቪያ በ22 የገጠር መንደሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት የተቅማጥ ጉልህ መቀነስ አላሳየም፤ ቤተሰቦቹ በዘዴው የተጠቀሙት የጥናቱን ጊዜ ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። በአገራችን፣ በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት በበኩሉ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ተቅማጥ በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ጠርሙሱና ፀሐዩ ያው ናቸው፤ ቤተሰቡ በየዕለቱ ካልተጠቀመባቸው ግን ፋይዳ የላቸውም።

ኬሚስቶች ደግሞ የብርሃኑን ሥራ የሚያፋጥን ካታሊስት ፍለጋ ገቡ። ጃፓናውያኑ ሆንዳና ፉጂሺማ እ.ኤ.አ. በ1972 ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን እንደሚከፋፍል አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1985 ማትሱናጋና ባልደረቦቹ በዚሁ ንጥረ ነገር ረቂቅ ተሕዋስያንን ገደሉበት። ብርሃኑ ኤሌክትሮንን ከቦታው ያነሣል፤ በውሃው ውስጥም የተሕዋስያኑን ሽፋን የሚያጠቁ ኃይለኛ ውላጆች ይፈጠራሉ።

የቅርቡ ምዕራፍ የቦሮን ዘለላ ውህዶች ናቸው። ሊፕስኮም የቦሮንና የሃይድሮጅን ውህዶችን አወቃቀር በማጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1976 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተቀብሏል። በ1960ዎቹ በሆውቶርን የተሠራው ውህድ ደግሞ አንድ የኮባልት አቶም ከቦሮንና ከካርቦን በተሠሩ ሁለት ቅርጫት መሰል ዘለላዎች መካከል የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በካታሎኒያ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህ ውህድ በጥቂቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በብርሃን ኃይል አልኮሎችን ኦክሲዳይዝ እንደሚያደርግ አሳዩ፤ በመግነጢሳዊ ደቃቅ ቅንጣት ላይ ሲያያዝም በማግኔት ተሰብስቦ ዳግመኛ እንደሚያገለግል አረጋገጡ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሙከራው የኬሚካል ለውጥ ሙከራ እንጂ የመጠጥ ውሃ ማከሚያ አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ተመልሶ መውጣቱና ለሰው የማይጎዳ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ከዚህም በላይ ካታሊስቱ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ደለል ብርሃኑን ከጋረደው ሥራ የለውም።

ስለዚህ ዛሬ በቆቦ ጤና ጣቢያ ለምትመጣ እናት የምንሰጠው ምክር ከቤተ ሙከራው ዜና በፊት የሚመጣ ነው። ውሃውን አሳድራ ታዝቅጥ፤ በንጹሕ ጨርቅ ታጥልል። የሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ርእስ ላይ አቁማ ከላይ ወደ ታች ትመልከት፤ ፊደል ከታያት ፀሐይ ላይ ታስቀምጠው፤ ካልታያት ውሃው ገና ለብርሃን አልደረሰምና በሌላ ዘዴ መታከም አለበት። ማንበብ የማትችል ብትሆንም ፊደሉ ጎልቶ መታየቱን ትለያለች። ይህን በቃል ነግሮ መሸኘት ብቻ ሳይሆን፣ ቤቷ ድረስ ሄዶ ጠርሙሱ ዛሬም ፀሐይ ላይ መሆኑን ማየት የእኛ ድርሻ ነው። የዳባትና የቦሊቪያ ልዩነት ያስተማረንም ይህንኑ ነው።