በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች የታዳጊዎች ሊግ ለመጀመር

ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊጉን በተቀላቀለበት ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን አንሥቷል። የታዳጊዎች የሰፈር ሊግ ግን የሚለካው በዋንጫ ሳይሆን እስከ መጨረሻው በሚጫወቱት ልጆች ብዛት ነው።

ስለዚህ ከቡድን ምዝገባ በፊት ጊዜው ይወሰን። በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፤ ክረምት ሜዳው ይጨቀያል። ከጥር ወዲህ መጀመር ይሻላል። ረመዷን ከገባ ውድድሩ ከዒድ በኋላ ይቀጥል።

ስድስት ቡድኖች በአንድ ዙር 15 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ በየቅዳሜው ሦስት ቢካሄድ በአምስት ሳምንት ያልቃል። ሁለቱ ጠዋት፣ አንዱ ከአስር ሶላት በኋላ ቢሆን መግሪብ ሳይደርስ ይጠናቀቃል።

ቤተሰቡን ለመርዳት ለቀማ የወረደ ልጅ በመቅረቱ ከቡድን ከተሰረዘ፣ ሊጉ የተቋቋመለትን ልጅ አጣ ማለት ነው።