የማናለብኝ ኬሞ

ስሙኝማ! ቢሾፍቱ ውስጥ ማናለብኝ የሚባል ውሻ ነበር። ጌታው ጡረተኛ ናቸው፤ ሲመሽ በሩን ከፍተው ይለቁታል፣ ሊነጋ ሲል ተመልሶ ደጅ ይቧጭራል። አንድ ሰሞን ታዲያ በተኛበት ሁሉ ጠብታ ደም ይታይ ጀመር። «ተጣልቶ ነው» ብለው ተዉት። ኋላ ገልጠው ሲያዩት ብልቱ ላይ አበባ ጎመን የመሰለ ሥጋ በቅሏል።

ወጣቷ ሐኪም ናሙና ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየች። «ጋሼ፣ ካንሰር ነው። ከውሻ ወደ ውሻ በግንኙነት የሚተላለፍ።» ሰውዬው ከካንሰሩ ይልቅ በግንኙነቱ ደነገጡ። ለጎረቤት ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ከ4,000 ዓመት በላይ ሆነው፣ አንድ ውሻ ይህ ካንሰር ያዘው። ውሻው ሞተ፤ ካንሰሩ ግን ቀድሞ ወደ ሌላ ውሻ ተሻግሮ ነበር። ቫይረስ አይደለም፣ የሚሻገረው ሴሉ ራሱ ነው። ማናለብኝ ላይ የበቀለው ሥጋ የማናለብኝ አልነበረም፤ የዚያ የጥንት ውሻ አካል ነው! ተረት እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የለንደን ተመራማሪዎች በዘረ መል ያረጋገጡት ነገር ነው።

ይህን ያህል ዘመን የኖረ በሽታ በቪንክሪስቲን ይረታል። ለሕፃናት የደም ካንሰር የሚሰጠው ያው መድኃኒት ነው። በሳምንት አንዴ፣ ከአራት እስከ ስድስት መርፌ፤ አብዛኛው ውሻ ይድናል።

ጭንቁ መወጋቱ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል። የፊት እግሩ ተላጨ፣ መርፌው ገባ፣ መስመሩ መያዙ አስቀድሞ በጨው ውኃ ተሞከረ። ሽማግሌው አንገቱን አቅፈው «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አለቀ፣ አለቀ» ይላሉ። ውሻው ዝም ብሏል፤ ላብ ያጠመቃቸው እሳቸው ናቸው። ቤት ሲገቡም ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በጓንት ያጸዳሉ፤ መድኃኒቱ በዚያ ይወጣልና።

«ሰው መድኃኒት አጥቶ ለውሻ ኬሞ?» አለ አንድ ጎረቤት። ጥያቄውን አልንቀውም። የጠያቂውን አጥር ጭምር ሲጠብቅ ያደረው ግን ማናለብኝ ነው።

ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ደሙ ቆመ፣ ሥጋው ሟሸሸ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሟ፣ «አሁን ደግሞ ጋሼ፣ ይኮላሽ። ሌሊት መዞሩ ይቀንስለታል» አለች።

ኬሞውን ያለ ክርክር የተቀበሉት ሰውዬ ብድግ አሉ።

«ልጄ፣ እሱንስ ተይው። በሩን እዘጋለሁ።»

«ይዝጉ እንግዲህ» አለች፤ ቀጠሮውን ግን ጽፋ ሰጠቻቸው።