ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች በኢትዮጵያ የሕግና የፖሊሲ ሥራ

ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ለትርፍ ሳይቋቋሙ፣ ከመንግሥት ውጭ ሆነው ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ የሙያ ማኅበራት፣ የመብት ተሟጋቾችና የእነዚህ ኅብረቶች ናቸው። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የሚታወቁት በእርዳታና በልማት ሥራ ነው። ይህ መጣጥፍ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ይመለከታል፦ በሕግ ረቂቅ ላይ ሐሳብ የሚሰጡትን፣ የመንግሥትን አሠራር የሚከታተሉትንና ፖሊሲ እንዲለወጥ የሚወተውቱትን። የእነዚህ ድርጅቶች ጉልበት ከሰልፍና ከመግለጫ የመጣ ቢመስልም፣ ውጤት ያመጡበት ጊዜ ሲመረመር በአብዛኛው የሚገኘው መዝገብ ነው። ሕጉ ወይም አገልግሎቱ ሰው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ፣ ሕጉን ካወጣው መሥሪያ ቤት ቀድመው ጽፈው ይዘውታል።

ዳራ

በዘመናዊ መልክ የተደራጁ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በኢትዮጵያ የተበራከቱት በረሃብ ምክንያት ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት ድርቆች የእርዳታ ድርጅቶችን በብዛት አመጡ። ሥራቸው እህል ማድረስ፣ መጠለያ ማቋቋምና ማከም ስለነበር በፖሊሲ ጉዳይ የሚናገሩበት አጋጣሚ ጠባብ ነበር። በደርግ ዘመን ሴቱም ወጣቱም ገበሬውም ማኅበር ነበረው፤ ማኅበራቱ ግን ከላይ የተወሰነውን ወደ ታች የሚያወርዱ እንጂ ከታች ያለውን ወደ ላይ የሚያደርሱ አልነበሩም። መንግሥትን በሰነድ መሞገት የተጀመረው ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ግንባር ቀደምነት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) የመብት ጥሰቶችን መርምሮ በተከታታይ መግለጫ ማውጣትን ልማድ አደረገ።

የቤተሰብ ሕጉ መሻሻል

አንድ ማኅበር በሕግ ላይ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የቤተሰብ ሕጉ ታሪክ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገዋል፤ ሚስትም በሕጋዊ ጉዳይ ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። የሚኖሩበትን ቤት የሚመርጠውና የጋራ ሀብቱን በዋናነት የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመታቸው ማግባት ይችሉ ነበር። ከተጋቢዎቹ አንዱ የሌላውን ሥራ «ለቤተሰቡ ጥቅም» ሲል መቃወም ይችላል፤ ድንጋጌው ለሁለቱም እኩል የተጻፈ ቢሆንም በየቤቱ ማን ማንን ይከለክል እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም። ፍቺን ደግሞ የሚያዩት ከቤተ ዘመድ የሚመረጡ የሽምግልና ዳኞች ነበሩ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ተጋቢዎች በጋብቻው አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ባለበት ቀጠለ። ዳኛው ፊት ሁለት ሕጎች ነበሩ ማለት ነው፤ በየዕለቱ ይሠራበት የነበረው አሮጌው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የገባው በዚህ ክፍተት ነው። መሥራችና የመጀመሪያዋ ዋና ዳይሬክተር ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ቀደም ሲል ዳኛ፣ በሕገ መንግሥት ኮሚሽኑም የሕግ አማካሪ ነበሩ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ማኅበሩ በርካታ ሥራዎች ቢኖሩትም መሠረቱ ነፃ የሕግ ድጋፍ ነበር። ባለጉዳይዋ ትመጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ይዛ የምትመጣው የቀለብ፣ የንብረት ክፍፍል ወይም የድብደባ ጉዳይ ነው። ባለሙያዋ ታሪኩን አዳምጣ የሕግ ምክር ትሰጣለች፤ አቤቱታ ወይም የክስ ማመልከቻ ትጽፋለች፤ ሲያስፈልግም ጠበቃ ሆና ትቆማለች። በመጨረሻ ጉዳዩ መዝገብ ይሆናል። መዝገቦቹ ሲደራረቡ የአንዲት ሴት ችግር መሆናቸው ይቀራል። የሽምግልና ዳኞቹ ጉዳዩን ሲያጓትቱ ባል ንብረቱን እንደሚያሸሽ፣ ያለ ሠርግ ለዓመታት አብራ የኖረች ሴት ባዶ እጇን እንደምትወጣ፣ የትኛው አንቀጽ ማንን እንደሚጎዳ መታየት ይጀምራል።

የአዲሱ የቤተሰብ ሕግ ረቂቅ በፍትሕ ሚኒስቴር ተዘጋጅቶ ለውይይት ሲቀርብ ማኅበሩ ይዞት የቀረበው ይህን ነው። ጥናት አካሄደ፣ ዐውደ ጥናት ጠራ፣ ዳኞችንና ፖሊሶችን አሠለጠነ፣ «በርቺ» የተሰኘ የራሱን መጽሔት አሳተመ፣ የምክር ቤት አባላትን አነጋገረ። በመንግሥት በኩልም ጆሮ ነበር፤ የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱና የ1985ቱ የሴቶች ፖሊሲ ወደዚያው አቅጣጫ ይገፉ ነበር። ይህን መዘንጋት ታሪኩን ማኅበሩ ብቻውን ያሸነፈው ያስመስለዋል።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ለሁለቱም ጾታ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ፤ ከባድ ምክንያት ሲኖር የፍትሕ ሚኒስትሩ እስከ ሁለት ዓመት ሊቀንስ ይችላል የሚል በር ግን ተተወ። የባል የበላይነት ቀረ። መኖሪያም የጋራ ሀብትም በጋራ የሚወሰን ሆነ፤ የፍቺ ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት ዞረ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ እንደሚሆን ተደነገገ። የቤተሰብ ጉዳይ የክልል ሥልጣን በመሆኑ አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነበር፤ አማራን፣ ኦሮሚያንና ደቡብን የመሳሰሉ ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ያወጡት በተከታዮቹ ዓመታት ነው። ይህ መቀዳደም ለተመራማሪዎች ሳይታሰብ ጠቀመ። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ሕጉ ቀድሞ የደረሰበትን አካባቢ ካልደረሰበት ጋር አነጻጽረው፣ በደረሰበት ሴቶች ከቤት ውጭ ባለ ሥራ የመሰማራታቸው ዕድል ይበልጥ እንደጨመረ አሳይተዋል።

የወንጀል ሕጉና የማኅበሩ እገዳ

በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ወይም ደፋሪ ተበዳይዋን ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረ። ማኅበሩ በዚህ ላይ ያነሣው ክርክር ለሕዝብ ጆሮ የደረሰው በአንድ መዝገብ ነው፦ በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ በግድያ ተከሰሰች። የማኅበሩ ጠበቆች ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብለው ተከራከሩላት፤ ነፃ ወጣች። በ2006 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተመሠረተው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው።

አዲሱ የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጸና በጋብቻ ከክስ ማምለጥ ቀረ፤ ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ሆነ፤ የሴት ልጅ ግርዛትም ራሱን የቻለ ወንጀል ተደረገ። በፅንስ ማቋረጥ አንቀጽ ላይ ደግሞ የተሰሙት የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው፤ የሙያ ማኅበራቸው በየሆስፒታሉ ያየውን ሞት ይዞ ቀረበ፤ በሕግ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎችም ሰፉ። ጠያቂዎቹ ያላገኙትም አለ። አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን ገደብ እንደያዘ ቀረ፤ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም መድፈር ወንጀል እንዲሆን የቀረበው ጥያቄ ሳይሳካ ቀረ።

በመካከሉ ማኅበሩ ራሱ ተመታ። በ1993 ዓ.ም. በሴቶች ላይ የሚደርሰው ጥቃት እንዲቆም በአዲስ አበባ ሰልፍ አስተባበረ። በዚያው ዓመት የፍትሕ አካላት አንዲትን ተበዳይ አልጠበቁም ብሎ በአደባባይ ወቀሰ። በ1993 መገባደጃና በ1994 መባቻ መካከል የፍትሕ ሚኒስቴር ከተቋቋመበት ዓላማ ወጥቷል በማለት አገደው፤ የባንክ ሒሳቡም ተዘጋ። እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሥልጠና ሲሰጥና በረቂቅ ላይ ሐሳብ ሲያቀርብ አጋር የነበረ ማኅበር፣ አንድን መሥሪያ ቤት ስሙን ጠርቶ ሲወቅስ ተቃዋሚ ሆኖ ተቆጠረ። ይህ በኋላም ተደጋግሟል።

አዋጅ ቁጥር 621/2001

ለ1997ቱ ምርጫ የአገር ውስጥ ድርጅቶች እንዳይታዘቡ የምርጫ ቦርድ ያወጣውን ክልከላ ድርጅቶቹ ተባብረው ፍርድ ቤት ወስደው አሸነፉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ የተሰጠው ግን ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ሲቀሩት ስለነበር ታዛቢ ለማሠማራት የቀረ ጊዜ አልነበረም። ከምርጫው ቀውስ በኋላ የመንግሥት ጥርጣሬ በረታ። ውጤቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው። በአዋጁ መሠረት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊና ዴሞክራሲያዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ አሠራር ላይ መሥራት አይችልም። «የውጭ ምንጭ» የሚለው ትርጓሜ በውጭ አገር ያለን ማንኛውንም ሰው ስለሚጨምር፣ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያለ ኢትዮጵያዊ የሚልከው መዋጮም እንደ ባዕድ ገንዘብ ተቆጠረ።

ኢሰመጉና የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በሥራቸው ለመቀጠል መረጡ። የባንክ ገንዘባቸው ታገደ፤ አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበቱ፤ ቅርንጫፎች ተዘጉ። የሕግ ድጋፉ ከሞላ ጎደል በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ወደቀ። ሌሎች ድርጅቶች ዓላማቸውን ለውጠው «መብት» የሚለውን ቃል ከሰነዳቸው አወጡ። አዋጁን ያዘጋጁት የአገር ጉዳይ በአገር ገንዘብ ይመራ የሚል መከራከሪያ ነበራቸው፤ ሐሳቡ በራሱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ለመብት ሥራ ገንዘብ የመስጠት ልማድ ባልዳበረበት አገር ገደቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ተፈጻሚ ሲሆን ምን እንደሚከተል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም ነበር።

በወረዳ ደረጃ የአገልግሎት ግምገማ

በዚሁ ጠባብ ዘመን በአንጻሩ የሰፋ አንድ ሥራ አለ፤ የማኅበራዊ ተጠያቂነት መርሐ ግብር። በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ በአገር በቀል ድርጅቶች አስፈጻሚነት ከ200 በላይ በሆኑ ወረዳዎች ተሠርቶበታል። አካሄዱ ቀላል ነው። ድርጅቱ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚገለገሉትን ሰዎች ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ አካል ጉዳተኞችን ለየብቻ ይሰበስባል፤ መድኃኒት ይገኛል ወይ፣ ውኃ አለ ወይ፣ ነርሷ በሰዓቷ ትገባለች ወይ እያሉ ነጥብ ይሰጣሉ። ባለሙያዎቹም ለራሳቸው አገልግሎት በተመሳሳይ ነጥብ ይሰጣሉ። ከዚያ ሁለቱ ወገኖችና የወረዳው ኃላፊዎች በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። ተገልጋዩ «መድኃኒት የለም» ሲል ባለሙያው በጀቱ የተቆረጠው ወረዳ ላይ መሆኑን ይናገራል፤ ኃላፊው እዚያው ተቀምጧል። ስብሰባው የሚያበቃው ማን ምን በመቼ እንደሚሠራ በተጻፈ የጋራ ዕቅድ ነው። ሥራው ስለ መብት አያነሣም፤ ስለ አገልግሎት ነው የሚያወራው። ባለሥልጣኑን ያላስቆጣውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የትምባሆ ሕግ

የጤና ፖሊሲ ተሟጋችነት ሌላ መልክ አለው። አቶ ወንዱ በቀለ በደም ካንሰር ባጡት ሕፃን ልጃቸው ስም ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ ለዓመታት ጠንካራ የትምባሆ ሕግ እንዲወጣ ወተወተ። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከለከለ፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን አገደ፤ የፓኬቱን 70 በመቶ የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያ አዘዘ፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። 

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የ10 በመቶውን ገደብ አነሣ፤ ድርጅቶች ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉም በግልጽ ጻፈ። ረቂቁን ያዘጋጀው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር የተቋቋመው፣ ያለ ክፍያ የሚሠሩ የሕግ ባለሙያዎች የተሰባሰቡበት የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ነው፤ በቀደመው ሕግ የተጎዱት ድርጅቶችም በውይይቱ ተሳትፈዋል። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ኢሰመጉን ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶችን አግዶ ነበር።

በድርጅቶቹ ላይ የሚነሣው ትችትም መሠረት አለው። ብዙዎቹ ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው፤ ሪፖርታቸውን ለለጋሹ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ የአባላት መዋጮ ከወጪያቸው ትንሹን እንኳ አይሸፍንም። «ማንን ወክላችሁ ነው?» ለሚለው የባለሥልጣን ጥያቄ መልሱ የሚከብዳቸው ለዚህ ነው። በአንጻሩ ዕድር በየሠፈሩ አባሉን በስም ያውቃል፤ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ኤች አይ ቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን በመደገፍ ብዙ ሠርቷል። አዋጅ 1113 ግን ዕድርንና ዕቁብን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። ቁጥጥሩ አይነካቸውም፤ የሕግ ረቂቅ ለውይይት ሲቀርብ ለሲቪል ማኅበረሰብ የሚላከው የጥሪ ደብዳቤም አይደርሳቸውም።