ጭቃ ቤት፦ ከእንጦጦ እስከ ዞማ

አዲስ አበባ መካኒሳ አካባቢ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በሩን የከፈተው ዞማ ሙዚየም ውስጥ ከሁሉ በፊት ዐይን የሚይዘው የተሰቀለ ሥዕል ሳይሆን ራሱ ግድግዳው ነው። ጭቃና ጭድ ነው። እንደ ጣት አሻራ የሚጠማዘዙ መስመሮች ላዩ ላይ ተቀርጸውበታል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ሰብእ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ለኤግዚቢሽን አዳራሽ የሚሆን ሕንፃ ሲያቅዱ ሲሚንቶን ትተው የመረጡት አብዛኛው የከተማ ሰው ሊገላገለው የሚሻውን ነገር ነበር።

ጭቃ ግን ድሮ የድሃ ምልክት አልነበረም። የአክሱም ግንበኞች ድንጋዩን በጭቃ እያያያዙ፣ በየመሐሉ እንጨት እያጋደሙ ይገነቡ ነበር፤ የእንጨትና የድንጋዩን መፈራረቅ ዛሬም በላስታ ይምርሐነ ክርስቶስ ማየት ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ የተቀመጡበት ቤተ መንግሥትም ድንጋይ፣ እንጨትና ጭቃ ሆኖ ኖራ የተቀባ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያ ግብር ሲያበሉ ማንም በግድግዳው አላፈረም።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ግን ብዙ ሳትቆይ እንጨት አለቀባት። ለማገዶም ለቤትም በዙሪያዋ ያለው ደን ተመነጠረና በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ሥራ እስከ መጀመር ተደረሰ። ከተማዋን ያተረፋት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ወፍራሙ ለቋሚ፣ ቀጭኑ ለማገር ይሆናል። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ቆርቆሮ ማምጣት ቀለለ። የባሕር ዛፍ አጥንት፣ የጭቃ ሥጋ፣ የቆርቆሮ ክዳን፦ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሕዝብ የኖረው በዚህ ቤት ውስጥ ነው።

ሙያው ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። አፈሩ ተቆፍሮ በውኃ ይርሳል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ይተዋል። ለቀናት ተኝቶ ይብላላል፣ ይሸታል፤ ጭዱ እየላላ ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል፤ እንደገና ይረገጣል። ያልተብላላ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከማገሩም ይላቀቃል። መራጊው እፍኝ እፍኙን ከውስጥም ከውጭም በማገሩ ላይ እየለጠፈ ያጠብቀዋል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ በተነፋ አፈር ወይም በእበት ይለሰናል። በገጠር ይህ ሁሉ የደቦ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ ጠላና ምግብ ያሰናዳል፣ ጎረቤት ይረግጣል፣ ይመርጋል። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት እየመለሰ ቤቱን ያሞቃል። ጠላቱ ዝናብና ምስጥ ነው። ስለዚህም መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ይላል፣ ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ይወጣል፣ ከክረምት በኋላም ለዐውደ ዓመት ቤቱ ይጠገናል፣ ይለቀለቃል።

ይህ ዓመታዊ ጥገና ነው የተቋረጠው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዝቅተኛ ኪራይ ቀበሌው ቤቶቹን መጠገን አልቻለም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ምክንያት አልነበረውም። ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብ ልስኑ ረገፈ፣ የቋሚው እግር በሰበሰ። ልጆች ያደጉት በዘመመ ግድግዳ ውስጥ ነው። የጭቃ ቤት ስሙ የጠፋው በባሕርዩ ሳይሆን ባለቤት በማጣቱ ነው፤ ይህ ልዩነት ካልተያዘ ታሪኩ በሙሉ ይዛባል።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። የመጸዳጃ ችግርና መጣበብ የነበረባቸው ሰፈሮች እንዳሉ ይቆዩ ብሎ ማንም በሙሉ አፉ ሊናገር አይችልም። ሆኖም ከአሮጌው ቤት ጋር የመራጊውም ሙያ ከከተማው እየወጣ ነው።

ዞማ ክብደት የሚያገኘው በዚህ ጊዜ በመታየቱ ነው። ኤልያስ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚሰበሰቡ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችና ሽቦዎች የሚሠራቸው ግዙፍ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ ቢያናሌ ድረስ ደርሰዋል። የሰው እጅ ያለፈበትን ዕቃ አለመጣል የሚለው ሐሳብ በዞማ ግድግዳዎችም አለ። ሙዚየሙ የአትክልት ቦታና ለሕፃናት የሚሆን ትምህርት ቤትም ይዟል። በቡርኪና ፋሶም አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ ጋንዶ ትምህርት ቤት በአፈር ጡብ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከፍተኛውን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ፕሪትዝከርን ተቀብሏል።

ዓለም ጭቃን ማክበር ከጀመረ፣ በኢትዮጵያ የሚዘጋጁ የዕደ ጥበብና የዲዛይን ኤግዚቢሽኖች ሌላም ሥራ ይጠብቃቸዋል። ያለቀ ግድግዳ ማሳየት ብቻ አይበቃም። ጭቃው ስንት ቀን እንደሚተኛ፣ የየትኛው አገር አፈር ስንት ጭድ እንደሚፈልግ በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በገጠር አሉ፤ እነሱ በስማቸው ተጠርተው፣ ተገቢው ዋጋ ተከፍሏቸው፣ በሕንፃ ተማሪዎች ፊት ሊመርጉ ይገባል።