ሰላም ተሰርዛ ፍኖተ ሰላም ስትቀር፦ ባሽ፣ ዳሽ፣ ዚሽ እና ሌሎች ሼሎች

ስልክ ላይ በጣት ነካክተን ከምንሠራው ብዙውን በጽሑፍ ትእዛዝ ማሠራት ይቻላል። ትእዛዙን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሼል ይባላል። ትእዛዞቹን አንድ ፋይል ላይ ደርድራችሁ በአንዴ ስታስኬዷቸው ደግሞ ፋይሉ ስክሪፕት ይሆናል። የ300 ፎቶ ስም መቀየር ካለባችሁ ሙሉ ቀን አትነካኩም፣ ጥቂት መስመር ይበቃል።

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ከዚያ ወጣ ብሎ ገጠር ያላችሁ “ኮምፒውተር የለኝም” ብላችሁ አትተዉት። አንድሮይድ ራሱ በውስጡ ሼል አለው። ለመማር የሚመቸው ግን ተርመክስ የሚባለው ነፃ አፕ ነው። ኤፍ-ድሮይድ ከሚባለው የነፃ አፖች መደብር ይወርዳል፣ ስልኩን ሩት ማድረግ አይጠይቅም፣ አንዴ በደንብ ከተጫነ ዳታ ቢጠፋም ይሠራል። ሲከፈት የምታገኙት ባሽን ነው።

ባሽን ብራያን ፎክስ የጻፈው በ1989 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ስሙ ጨዋታ አለበት፦ ስቲቨን ቦርን በ1970ዎቹ መጨረሻ ለዩኒክስ የሠራውን ሼል ይዞ “ዳግም የተወለደ” ለማለት ነው። ሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ የምታገኙት በብዛት እሱን ነው፣ ትምህርቱም የሞላው በሱ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ በቃ በሱ ጀምሩ።

ዳሽ ትንሽና ፈጣን ነው። ኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ የሲስተሙን ስክሪፕቶች የሚያስኬደው በሱ ነው። ችግሩ ባሽ የሚያውቃቸው ብዙ ነገሮች እሱ ጋ የሉም። አማርኛ ላይ ደግሞ ሊሳሳት ይችላል፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፣ ብዙ የዳሽ ስሪቶች የሚቆጥሩት ባይቱን ነው። “ቡሬ” ስንት ፊደል ናት ስትሉት 6 ሊላችሁ ይችላል። ቋንቋው በትክክል የተስተካከለ ባሽ 2 ይላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የባዶ ቦታ ጉዳይ ነው። ቡሬ አንድ ቃል ስለሆነች ሰላም ናት። ፍኖተ ሰላም፣ ጃቢ ጠህናን፣ ደጋ ዳሞት ግን ሁለት ሁለት ቃል ናቸው። ስልካችሁ ላይ “ፍኖተ ሰላም” የሚባል የማያስፈልግ ፎልደር አለ እንበል፣ አጠገቡ ደግሞ የእህታችሁን ፎቶዎች የያዘ “ሰላም” የሚባል አለ። ስሙን ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦ ፎልደሩን የሚሰርዝ ስክሪፕት ጻፋችሁ። ተለዋዋጩን በድርብ ጥቅስ ( " ) ካላጠራችሁት ባሽም ዳሽም ስሙን ለሁለት ይቆርጡታል። “ፍኖተ” የሚባል ፎልደር የለም፣ ይታለፋል። “ሰላም” አለች፣ ትጠፋለች! ልታጠፉት የፈለጋችሁት እዚያው ቁጭ ብሏል። ጥቅሱ ቀጥ ያለው ይሁን፤ ቻት ላይ ተልኮ የተጠማዘዘውን ሼሉ አያውቀውም።

ፖል ፋልስታድ በ1990 ያወጣው ዚሽ ግን በተለመደው አሠራሩ ተለዋዋጭን እንዲህ አይቆርጥም። አፕል ከ2019 ጀምሮ በማክ ኮምፒውተሮቹ መደበኛ ያደረገው እሱን ነው። ስለዚህ ማክ ላይ በዚሽ በሰላም የሠራ ስክሪፕት ተርመክስ ላይ በባሽ ሲሮጥ ፎቶ ሊያጠፋ ይችላል።

ፊሽ (2005) በቀለሙና ትእዛዝ ቀድሞ በመገመቱ ደስ ይላል፣ ግን ሰዋስው የራሱ ስለሆነ የባሽ ስክሪፕት እንዳለ አይቀበልም። የማይክሮሶፍት ፓወርሼል (2006) ከተራ ጽሑፍ ይልቅ የተደራጀ ዳታ ያስተላልፋል፤ ዊንዶውስ ላይ ለሚሠራ ሰው እሱ ነው። ሲ ሼል የሚባልም አለ፣ ለስክሪፕት ግን ባትነኩት ይሻላል።

ስክሪፕት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ የላይኛውን መስመር እዩ። በ #! ከጀመረ ቀጥሎ ያለው የሼሉ ስም ነው። ቴሌግራም ላይ “ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ” የተባለውን ሁሉ ደግሞ ሳታነቡ አታስኪዱ፤ ለተርመክስ የስልካችሁን ማከማቻ ከፈቀዳችሁለት ስክሪፕቱ ፎቶዎቻችሁ ጋ ይደርሳል፣ በሼል የተሰረዘ ፋይል ደግሞ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይገባም።