ዲዝማል እና ክፉ ቀን

ዲዝማል የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ዛሬ «ጨፍጋጋ» ወይም «መንፈስን የሚያጨልም» በሚል ፍች ይሠራበታል። እንግሊዛዊው ዝናባማውን ቀን ዲዝማል ይለዋል። በሰሜን ወሎ፣ በጉባ ላፍቶ ወረዳ፣ በሐራ ቆላ ግን የሰማይ መጨፍገግ የምሥራች ነው፤ ገበሬውን የሚያስጨንቀው ደመና የራቀው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ስለሆነም ቃሉን በአየር ጠባይ ብቻ መተርጐም አያረካም።

ሥሩ ሲመረመር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይገናኛሉ። ዲዝማል የተገኘው «ዲኤስ ማሊ» ከሚለው የላቲን ሐረግ ሲሆን፣ ትርጉሙ «ክፉ ቀናት» ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በየወሩ ሁለት፣ በዓመት 24 ቀናት ገደ ቢስ ተብለው በቀን መቁጠሪያ ይመዘገቡ ነበር። ውሎ አድሮ ምንጩ ተዘነጋና ቃሉ ተራ ቅጽል ሆነ። ቶማስ ካርላይልም እ.ኤ.አ. በ1849 የኢኮኖሚን ትምህርት በዚሁ ቅጽል ጠራው።

በአገራችን «ክፉ ቀን» ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ታላቅ ረኀብ መጠሪያ ነው። መንሥኤውም የታወቀ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ በሬ ሲታጣ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ከአገሪቱ የቀንድ ከብት ከመቶ 90 ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ይህ በሽታ በአማርኛ «ደስታ» መባሉ የሚያስገርም ነው።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የወሎ ገበሬ ከቀዬው ወጥቶ በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰለፈ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኀቡ ተመልሶ ወሎን ጎዳ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ቀን በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉ የሚሆነው መንሥኤው ሳይመከት ሲቀር ነው። ለዘመናት በክትባት የተደረገው ዘመቻ ፍሬ አፍርቶ፣ የከብት ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የተነደፈው 392 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መስመርም በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። ሐዲድ እህልን ያቀርባል፤ የገበሬውን ኪስ ግን ብቻውን አይሞላም። ባለሙያው ይህን ለይቶ ካላወቀ፣ ጥፋቱን በቀን ላይ እያላከከ ይኖራል።