ኒዮቦለስ ዉሎንግቺንጌንሲስ
ኒዮቦለስ ዉሎንግቺንጌንሲስ ከ512 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በካምብሪያን ዘመን፣ በባሕር ወለል ላይ ይኖር የነበረ ባለሁለት ዛጎል ብራኪዮፖድ ነው። ቅሪተ አካሉ የተገኘው በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በዩናን ግዛት ሲሆን፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ቀደምት ከሚባሉት የጥገኛ ተሕዋስያን ማስረጃዎች ተርታ አሰልፎታል። በብዙዎቹ ዛጎሎች ላይ ትል መሰል እንስሳት የኖሩባቸው ቱቦዎች ተጣብቀው ይታያሉ። የቱቦዎቹ አፍ ብራኪዮፖዱ ምግብ ያዘለ ውሃ ወደሚስብበት የዛጎል ጠርዝ ያቀናል። ወሳኙ ማስረጃ ግን የአካል መጠን ነው፤ ቱቦ የተጣበቀባቸው ካልተጣበቀባቸው ያነሱ ናቸው። ይህም ግንኙነቱ ጉርብትና ሳይሆን የምግብ ንጥቂያ እንደነበር ያመለክታል። የአብዛኞቹ ጥገኛ ተሕዋስያን አካል ለስላሳ በመሆኑ በዓለት ውስጥ እምብዛም አይቆይም፤ ጉዳታቸው በልኬት የሚታይበት ቅሪተ አካል እጅግ ብርቅ ነው።